መብራት መጣ፣ ኮምፒውተሩ ግን አልተነሣም

የዛሬው ዝግጅታችን ከላንጋኖ ይነሣል።

ከሐይቁ በስተ ሰሜን፣ ወደ ዝዋይ አቅጣጫ፣ አሉቶ የሚባል የእሳተ ገሞራ ተራራ አለ። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1981 እስከ 1985 በዚህ ተራራ ላይ ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ የታችኛው ሙቀት ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ተገኘ። በ1990ዎቹ ማብቂያ ደግሞ 7 ሜጋዋት ገደማ የሚያመነጭ ጣቢያ ተተከለበት። በኢትዮጵያ ከከርሰ ምድር እንፋሎት መብራት ሲወጣ የመጀመሪያው ይህ ነው። ጣቢያው ግን ጥቂት ዓመት እንኳ በወጉ ሳይሠራ በመሣሪያ ብልሽት ቆመ፤ ተጠግኖ በከፊል አቅሙ የተመለሰው በ2007 ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ከተራራው ሥር ያለው ሙቀት የትም አልሄደም። መብራቱ የጠፋው መሃል ላይ ነው።

አካባቢው በሌላም በኩል የመብራት መፍለቂያ ነው። ቆቃ ግድብ በ1960 ሲመረቅ 43 ሜጋዋት ይዞ ተነሣ። አዳማ ዳር የሚሽከረከሩት የነፋስ ተርባይኖችም በሁለት ዙር ተተክለው 51 እና 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ይህ ሁሉ እያለ ግን በባቱ፣ በቡልቡላ፣ በአርሲ ነገሌ ወይም በላንጋኖ ዳርቻ "መብራት ሄደ" ማለት እንግዳ ነገር አይደለም። መብራቱ ሄዶ ሲመለስ አምፖሉ ይበራል፣ ፍሪጁ ያጉረመርማል፤ ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒውተር ግን አንዳንዴ እንደ ተኛ ይቀራል።

ሁኔታው በየከተማው ተመሳሳይ ነው። ማመልከቻ የሚጻፍበት፣ ፎቶ ኮፒ የሚነሣበት፣ መታወቂያ ላሚኔት የሚደረግበት አንድ ጽሕፈት ቤት ይታሰብ። ደንበኛ ቆሟል። ባለቤቱ ቁልፉን ይጫናል፤ ምንም የለም። ደግሞ ይጫናል፤ ምንም። ከዚያ አጠገብ ካለው ሰው አንዱ፣ ኮምፒውተር አውቃለሁ የሚለው፣ ፍርዱን ይሰጣል፦ "ፎርማት ይደረግ።"

የዚህ ዝግጅት ዋና ጠብ ከዚህ ምክር ጋር ነው። ፎርማት ማድረግ ሃርድ ዲስክ ላይ ያለውን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ነው። መብራት እንኳ ያላገኘ ኮምፒውተር ገና ዲስኩ ጋ አልደረሰም፤ ስለዚህ ዲስኩን መጥረግ የሚፈታለት ችግር የለም። የሚጠፋው የሰውየው ሥራ ብቻ ነው፤ የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሆቴሉ የእንግዳ መዝገብ፣ የትምህርት ቤቱ የፈተና ጥያቄ።

የዝዋይን ውኃ በሞተር ስቦ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያለማ የመቂ ገበሬ፣ የማሳው ጫፍ ሲደርቅበት መሬቱን እንደገና አያርስም። ከሞተሩ ተነሥቶ ቦዩን እየተከተለ ውኃው የት ላይ እንደቀረ ያያል። የማይነሣ ኮምፒውተርም የሚመረመረው በዚሁ አካሄድ ነው። ኤሌክትሪኩ ከግድግዳው ይነሣል፤ በፓወር ሰፕላይ ያልፋል፤ ማዘርቦርዱን፣ ፕሮሰሰሩንና ራሙን ይቀሰቅሳል፤ ስክሪኑ ላይ ፊደል ያወጣል፤ በመጨረሻ ዲስኩን አግኝቶ ዊንዶውስን ይጠራል። "አልከፍት አለ" የሚባለው ኮምፒውተር ከእነዚህ በአንዱ ላይ ቀርቷል፤ የት እንደቀረም ምልክት ይሰጣል።

መጀመሪያ ግድግዳው ይታይ። ኮምፒውተሩ በተሰካበት ቀዳዳ ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክቶ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ዲቫይደር ካለ ኮምፒውተሩ ከእሱ ተነቅሎ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካ። ርካሽ ዲቫይደር ውስጡ ያለው ስስ ብረት በሙቀት ይላላና መሰኪያውን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል፤ ካውያ ወይም የኤሌክትሪክ ምጣድ ከተሰካበት በኋላማ አይታመንም። ከኮምፒውተሩ ጀርባ የሚገባው ወፍራም ገመድም ብዙውን ጊዜ ከሞኒተሩ ገመድ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ሁለቱን አለዋውጦ መሞከር ይቻላል።

ከገመዱ መግቢያ አጠገብ ደግሞ አንዲት ትንሽ ማብሪያ አለች። በአንዱ ጎኗ ቀጥ ያለ ሰረዝ፣ በሌላው ክብ ተስሎባታል። ሰረዙ ሲጫን ክፍት ነው፤ ክቡ ሲጫን ዝግ። ቢሮ ሲጸዳ ወይም ጠረጴዛ ሲዛወር ይህች ማብሪያ በእጅ ተነክታ ትዘጋለች፤ ሰው ግን ፊት ለፊት ያለውን ቁልፍ ብቻ እየተጫነ ይከርማል። ለዚህች ማብሪያ ብቻ ሲባል ባጃጅ ተከራይቶ ጠጋኝ ቤት የሚሄድ ኮምፒውተር አለ ቢባል ማጋነን አይደለም።

በዕድሜ የገፉ ፓወር ሰፕላዮች ላይ ሌላም ተንሸራታች ቁልፍ ትገኛለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ናት፣ 115 ወይም 230 ትላለች። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ትክክለኛ ቦታዋ 230 ላይ ነው። ከአሜሪካ በእርዳታ ወይም በዘመድ የመጣ ኮምፒውተር ቁልፏ 115 ላይ እንዳለች እዚህ አገር ሲሰካ፣ ውስጡ ያለው ሰርኪት የሚገባውን ቮልት ስለሚያጥፈው ከ600 ቮልት በላይ ይፈጠራል። ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ያን አይችሉም፤ ድው ብሎ ጭስ ይወጣል። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ እዚያው ፓወር ሰፕላዩ ላይ ይቆማልና ኮምፒውተሩን በሞላ መጣል አያስፈልግም። ፓወር ሰፕላዩ ይቀየራል፤ አዲሶቹ ደግሞ ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ራሳቸው ለይተው የሚቀበሉ ናቸው።

መብራት ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ሲል የሚደርስ አንድ የተለየ ነገር አለ። ፓወር ሰፕላይ ያልተለመደ ቮልት ሲሰማው ራሱን ይቆልፋል፤ መብራቱ ከተስተካከለ በኋላም ገመዱ እስካልተነቀለ ድረስ እንደተቆለፈ ሊቆይ ይችላል። መፍትሔው ድግምት ይመስላል። ገመዱ ከግድግዳ ይነቀላል፤ ከተነቀለ በኋላ የኮምፒውተሩ ማብሪያ ቁልፍ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ተጭኖ ይያዛል፤ ጥቂት ደቂቃ ተቆይቶ እንደገና ይሰካል። ቁልፉን መጫን በካፓሲተሮች ውስጥ የተጠራቀመውን ቅሪት ኤሌክትሪክ ያፈሰዋል፤ መቆለፊያውም ይለቃል። ከመብራት መቋረጥ በኋላ "ሞተ" ከተባሉት ኮምፒውተሮች ጥቂት የማይባሉት በዚህ ብቻ ይነሣሉ፤ ወጪውም ምንም ነው።

ስለ ማብሪያው ቁልፍ ራሱ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። በድሮዎቹ ኮምፒውተሮች ውስጥ ቁልፉ እንደ ግድግዳ ማብሪያ 220ውን ቮልት ራሱን የሚያቋርጥ ነበር። ኢንቴል በ1995 ኤቲኤክስ የተባለውን አሠራር ካወጣ ወዲህ ግን ቁልፉ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎችን ለቅጽበት ከማነካካት ያለፈ ሥራ የለውም። ኮምፒውተሩ ተዘግቶም ቢሆን ገመዱ ከተሰካ ፓወር ሰፕላዩ 5 ቮልት ያለማቋረጥ ለማዘርቦርዱ ይልካል፤ ማዘርቦርዱም የቁልፉን መነካት ይጠብቃል። ስለዚህ ኬዙ ሲከፈት ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ትንሽ መብራት በርታ ትታያለች። እሷ ካለች ኤሌክትሪኩ እስከዚያ ደርሷል፤ ቁልፉ ወይም ሽቦው ይጠርጠር። ባለሙያ የሆነ ሰው የቁልፉን ሽቦ ከማዘርቦርዱ ነቅሎ ሁለቱን እግሮች በካቻቢቴ ጫፍ ለአፍታ ያነካካቸዋል። ኮምፒውተሩ ከተነሣ ጥፋተኛው ለዓመታት በጣት ሲቀጠቀጥ የኖረው ቁልፍ ነው።

ቁልፍ ካነሣን ዘንድ፣ በ2012 ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለው ድርጅት በኢትዮጵያ ሁለት ቦታዎች፣ በወንጪና ከአዳማ በስተ ምሥራቅ በወለንጪቲ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ልጆች ታብሌቶችን በታሸገ ካርቶን ያለ አስተማሪ አኑሮ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ሲናገር፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አግኝቶ እንዳበራው ገለጸ። የአራት ደቂቃው ነገር የእሱው የኔግሮፖንቴ ቃል ነው፤ ሐሳቡን የነቀፉም ነበሩ። ያም ሆኖ እነዚያ ልጆች አንድ ነገር ተመችቷቸው ነበር፤ ታብሌቱ ከነባትሪውና ከነፀሐይ ቻርጀሩ የመጣ ስለሆነ መሃል ላይ የሚጠረጠር ዲቫይደር አልነበረም።

ወደ ኬዙ እንመለስ። ማዘርቦርዱ ላይ ምንም መብራት ከሌለ ፓወር ሰፕላዩ ዋነኛው ተጠርጣሪ ነው። ጥገና ቤት ውስጥ ትልቁን ባለ 24 እግር መሰኪያ ነቅለው አረንጓዴውን ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በቀጭን ሽቦ በማገናኘት ለብቻው ያስነሡታል። ማራገቢያው ካልዞረ ሞቷል። ከዞረ ግን ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፤ ቮልቱ በመልቲሜትር ይለካ። የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን ራሱን ግን ቤት ውስጥ መክፈት አይገባም። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ 310 ቮልት ያህል ሊቆይ ይችላል፤ ያ ደግሞ ሰው ይጎዳል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት ሕመም እንለፍ፤ ጠጋኞችን ይበልጥ የሚያደክመውም ይሄኛው ነው። ቁልፉ ሲጫን መብራት ይበራል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው።

ሞኒተሩ "ኖ ሲግናል" ብሎ ከጻፈ ሞኒተሩ ደኅና ነው፤ የሚደርሰው ነገር አጥቶ ነው። ገመዱ በሁለቱም ጫፍ ይጥበቅ። ተጨማሪ የግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ ከጀርባው በሁለት ቦታ የሞኒተር መሰኪያ አለው፤ ገመዱ ካርዱ ላይ መሆን ሲገባው ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ ሰው ሲለፋ ይውላል።

ይህ ሁሉ ደኅና ከሆነ ራሙ ይታይ። ራም በስስ ወርቅማ እግሮቹ ማዘርቦርዱ ላይ የሚቆም ካርድ ነው፤ በሙቀት ሲሰፋና ሲኮማተር ከቦታው በጥቂቱ ይላወሳል፣ እግሮቹም አቧራና ዝገት ይይዛሉ። ገመዱ ተነቅሎ፣ እጅ የኬዙን ብረት ነክቶ፣ ራሙ ይወጣል። የአገራችን ጠጋኞች እግሮቹን በተማሪ ላጲስ ይፈትጓቸዋል፤ ዘዴው ይሠራል፣ ፍርፋሪው ግን ተጠርጎ መውጣት አለበት። አልኮል የነካ ንጹሕ ጨርቅ ደግሞ ይሻላል። ሁለት ራም ካለ አንድ በአንድ፣ በየቀዳዳው እየተለዋወጡ ይሞከሩ። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር የለወጠ ሰው ኮምፒውተሩ ቢነሣለት እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሲቆምም ከዜሮ ይጀምራል።

ኮምፒውተሩ ራሱም ይናገራል። በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ሲነሣ ራሱን ፈትሾ ሁሉ ደኅና ከሆነ አንድ አጭር ጲጵ ይል ነበር፤ ልማዱ ከዚያ ወዲህ ቀጠለ። ጩኸቱ ሲበዛ ወይም ሲረዝም ሕመሙን ይጠቁማል። አዋርድ በተባለው ባዮስ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሣ መጀመሪያ በሚሠራው ፕሮግራም፣ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ጩኸት የግራፊክስ ችግር ነው፤ ሳያቋርጥ የሚደጋገም ጩኸት ብዙውን ጊዜ ወደ ራም ያመለክታል። ትርጉሙ እንደ ባዮሱ ሠሪ ይለያያልና የማዘርቦርዱ ስም ታይቶ ይፈለግ። በየቢሮው የሚገኘው ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማብሪያው ላይ ብርቱካንማ መብራት ያሳያል፤ ኤችፒዎቹ ቀይ ብልጭታና ጩኸት በቁጥር ይሰጣሉ። አምስት ጊዜ ብልጭ አለ ወይስ አራት ጊዜ የሚለው ልዩነት ትልቅ ነው። አብዛኛው ሰው ግን ሳይቆጥር ያጠፋዋል።

ኬዙ ከተከፈተ አይቀር ማዘርቦርዱ ላይ የቆሙት ትናንሽ ሲሊንደሮች፣ ካፓሲተሮቹ፣ ይታዩ። ጤነኛው አናቱ ጠፍጣፋ ነው፤ የተበላሸው ያብጣል ወይም ቡናማ ነገር ያንጠባጥባል። ይህ ጉድለት በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓለምን ያዳረሰ ነበር። ዴል በ2005 ለዚህ ጉዳት ማካካሻ 300 ሚሊዮን ዶላር መድቧል፤ በኋላ ይፋ የሆኑ የፍርድ ቤት ሰነዶች እንዳሳዩት ከግንቦት 2003 እስከ ሐምሌ 2005 ድረስ በዚህ ዓይነት ብልሽት ሊቆሙ የሚችሉ ቢያንስ 11.8 ሚሊዮን ኮምፒውተሮችን ሸጦ ነበር። የዚያ ዘመን ኮምፒውተር እጁ ላይ ያለ ሰው ጥፋቱን በራሱ ወይም በመብራት ኃይል ላይ ከማሳበቡ በፊት የካፓሲተሮቹን አናት ይይ።

ቀጥሎ አቧራ አለ። የስምጥ ሸለቆ አቧራ ደቃቅ ነው፤ ሐይቁ በሸሸባቸው የአቢጃታ ዳርቻዎች ደግሞ ጨው ያዘለ ነው። ጨው የቀላቀለ አቧራ እርጥበት ሲነካው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ብረትም ይበላል። የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች በአቧራ ሲደፈኑ ኮምፒውተሩ ይነሣና ከጥቂት ሰከንድ ወይም ደቂቃ በኋላ ድርግም ይላል፤ ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን የሚያደርገው ነው። በአዳማ ሙቀት ከሰዓት በኋላ የሚጠፋ፣ ማለዳ ግን ደኅና የሚሠራ ኮምፒውተር መጀመሪያ የሚፈልገው ብሩሽ ነው። በማቀዝቀዣውና በፕሮሰሰሩ መካከል ያለው ቅባትም ከዓመታት በኋላ ይደርቃልና ተጠርጎ ይቀየራል።

እግረ መንገድ፦ አንዳንድ ሰው ኬዙን ተሸክሞ ጎሚስታ ጋ ይሄዳል። የጎሚ ኮምፕረሰር አቧራ ማውጣቱን ያወጣል፤ ግን በርሜሉ ውስጥ የተጠራቀመ ውኃም አብሮ ይረጫል፣ ማራገቢያውንም ከአቅሙ በላይ አሽከርክሮ ይሰብራል። የግድ ከሆነ ኮምፕረሰሩ ውኃው ይፍሰስለት፤ ማራገቢያው በጣት ይያዝ፤ ኬዙም ከመሰካቱ በፊት በደንብ ይድረቅ።

ሦስተኛው ሕመም ፊደል ካሳየ በኋላ የሚቆመው ነው። ስክሪኑ ላይ ስለ ሰዓትና ቀን የሚያማርር እንግሊዝኛ ወጥቶ "ኤፍ ዋንን ተጫን" ካለ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ስሟ ሲአር 2032 ነው፤ 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 3 ቮልት። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱንና የባዮሱን ቅንብር የምትጠብቀው እሷ ናት። ገመዱ እንደተሰካ ከሆነ ሥራዋን የግድግዳው መብራት ስለሚያግዛት ለዓመታት ትቆያለች፤ መብራት በሚበዛበት ሳይሆን በሚጠፋበት አካባቢ፣ ወይም ማታ ማታ ሁሉም ነገር በሚነቀልበት ቢሮ፣ ቶሎ ትደክማለች። ስትቀየር ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር ይሞላ። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰው ኮምፒውተሩን ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወስዶታል፤ ከዚያ ባንክና ኢሜይል "ደኅንነቱ አልተረጋገጠም" እያሉ አልከፈት ሲሉ ኢንተርኔቱን ይወቅሳል።

ከባትሪዋ ጋር የተያያዘ አንድ ክፉ ወጥመድ አለ፤ ፎርማትን ያለ ጥፋቱ የሚያስጠራውም እሱ ነው። ባትሪዋ ስትሞት ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ ይመለሳል። ዲስኩ የሚነበብበት መንገድ በፊት ኤኤችሲአይ የነበረ እንደሆነ ወደ አይዲኢ ወይም ወደ ሬይድ ሊዞር ይችላል። ያን ጊዜ ዊንዶውስ መነሣት ይጀምርና ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ እንደገና ይጠፋል፤ ደግሞ ይነሣል፣ ደግሞ ይጠፋል። ዲስኩ ደኅና ነው፣ ዊንዶውሱም ደኅና ነው። ባዮስ ውስጥ ገብቶ አንዷን መስመር ወደ ቀድሞዋ መመለስ ይበቃ ነበር። ይህን ያላየ ጠጋኝ ፎርማት ያደርግና ኮምፒውተሩ በእርግጥም ይነሣል፤ ባለቤቱም አመስግኖ ከፍሎ ይሄዳል፣ ፋይሎቹን ግን አጥቷል።

"የሚነሣበት ዲስክ የለም" የሚል ጽሑፍ ሲመጣ መጀመሪያ ፍላሽ ይነቀል። ከፊት ወይም ከጀርባ ተረስቶ የቀረ ፍላሽ ኮምፒውተሩን ያሳስተዋል። ቀጥሎ የዲስኩ ሁለት ገመዶች ነቀል ተደርገው ይሰኩ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ውስጡ ያለው ማንበቢያ ክንድ ቦታውን አጥቷል፤ ደጋግሞ ማስነሣት ያለውን ተስፋ ይጨርሰዋል። ወዲያው ይጥፋና ፋይሉ እንዲወጣ ለሚያውቅ ሰው ይሰጥ።

አዲስ ነገር ሲጭን መብራት የሄደበት ዊንዶውስ ሲነሣ ሊዞርበት ይችላል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ደጋግመው መነሣት ሲያቅታቸው የጥገና ገጽ ራሳቸው ያመጣሉ፤ ከዚያ "ስታርትአፕ ሪፔር" ወይም "ሴፍ ሞድ" ይሞከራል። ያም ካልሆነ ኡቡንቱ የተጫነበት ፍላሽ ኮምፒውተሩን ያለ ዊንዶውስ ያስነሣዋል፤ ፋይሎቹ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣሉ። ፎርማት ተራው የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያኔ ማንም አይጣላውም።

ስለ መከላከል ብዙ ማለት አያሻም። መብራት ሲሄድ ማብሪያው ይዘጋ፤ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ፤ መስመሩ ገና ሲመጣ ቮልቱ ይዋዥቃልና። ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ፣ ያለው ሰው የሌዘር ፕሪንተሩን እሱ ላይ አይሰካ፤ ፕሪንተሩ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ከዩፒኤሱ አቅም በላይ ነው። የዩፒኤሱ ባትሪም ሙቀት አይወድም፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ በላንጋኖ ሙቀት፣ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ሥር የተቀመጠ ዩፒኤስ፣ ሻጩ ያለውን ያህል ዓመት ባይቆይ አይገርምም። በጄኔሬተር የሚሠሩ ሆቴሎች ደግሞ ጄኔሬተሩ ተነሥቶ ዙሩ እስኪስተካከል ድረስ ኮምፒውተሩን ባያስነሡት ይመረጣል።

ጠጋኝ ጋ መሄድ ግድ ሲሆን ወረቀት ላይ ጥቂት ነገር ጽፎ መያዝ ሥራውን ያሳጥራል። ከመቆሙ በፊት ምን ሆነ፣ የትኛው መብራት በራ፣ ስንት ጊዜ ጮኸ፣ ስክሪኑ ላይ ምን ተጻፈ። ስክሪኑን በስልክ ፎቶ ማንሣትም ይበቃል። በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪሲንግ የተማረ ወጣት ይህን መረጃ ሲያገኝ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ "ዝም ብሎ ቆመ" ሲባል ግን ከግድግዳው ይጀምራል።

ማዘርቦርዱ በእርግጥ ከሞተም ፋይሉ አልሞተም። ሃርድ ዲስኩ ብዙውን ጊዜ በአራት ብሎን የታሰረ ነው፤ በካቻቢቴ ተፈትቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢገጠም ይነበባል። በዩኤስቢ የሚሰካ የዲስክ ማቀፊያም ያንኑ ያደርጋል። በአዳዲሶቹ ዊንዶውሶች ላይ ግን ቢትሎከር የተባለው መቆለፊያ በርቶ ከሆነ ዲስኩ ሌላ ኮምፒውተር ላይ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቃል። ቁልፉ ባለቤቱ ዊንዶውስን የከፈተበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ሳለ አውጥቶ ወረቀት ላይ መገልበጥ ይቻላል።